ከፒያሳ ዲ ስፓኛ እስከ ቅዱስ እስጢፋኖስ፦ የሮም የድሮ ዘርዓ ክህነት ቤቶችን በአራት ቀን

ሮም የሚሄድ ሐበሻ ብዙውን ጊዜ ፒያሳ ዲ ስፓኛ ይደርሳል፣ ደረጃው ላይ ፎቶ ይነሳል፣ ይመለሳል። ከአደባባዩ ደቡብ ጫፍ ላይ ግን ሁለት መንገድ የሚከፍል አንድ ትልቅ ሕንፃ አለ። ከ1627 እስከ 1926፣ በመሃል ከተዘጋባቸው ዓመታት በስተቀር፣ ከዓለም ዙሪያ የመጡ ወጣቶች ለክህነት የተማሩት እዚያ ውስጥ ነው፦ የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ቤተ መንግሥት። አስጎብኚዎች እዚህ ሲደርሱ የሚያወሩት ሕንፃውን በየተራ የሠሩትን የ17ኛው መቶ ዓመት መሐንዲሶች፣ የበርኒኒንና የቦሮሚኒን፣ ጠብ ብቻ ነው። ሁለቱ ሊቃውንት መቀናቀናቸው እውነት ነው፤ ወሬው ግን ሕንፃውን አያስረዳም። ሕንፃው ትርጉም የሚሰጠው መማሪያ ክፍል፣ መኝታ፣ ጸሎት ቤት፣ ማተሚያ ቤትና የቢሮ ሥራ በአንድ ቁራሽ መሬት ላይ እንዴት እንደተጨናነቁ ሲታይ ነው። ጉዞውን የከፋፈልነውም በዚሁ መሠረት ነው። ዓመታቱ በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

አንደኛ ቀን፦ ከውጭ

በሜትሮ ኤ መስመር ስፓኛ ጣቢያ መውረድ ይበቃል። ከጣቢያው ወጥቶ ደረጃውን በግራ እያሳለፉ ወደ ደቡብ ሲሄዱ፣ በአናቱ የእመቤታችን ሐውልት ያለበት ረጅም ዓምድ ይታያል። ዓምዱ ራሱ የጥንት ሮማውያን ሥራ ሲሆን ከመሬት ተቆፍሮ የወጣው በ1777 ነው፤ እዚህ የቆመው ደግሞ በ1857። በየዓመቱ ዲሴምበር 8 የሮም እሳት አደጋ ሠራተኞች በመሰላል ወጥተው የአበባ ጉንጉን ያኖሩበታል፣ ጳጳሱም ይመጣሉ። ሕንፃውን ለማየት ለሚፈልግ ያ ቀን አይሆንም፤ አካባቢው ከሰው ብዛት አያላውስም።

ከዓምዱ በስተጀርባ ያለው ጠበብ ያለ የፊት ግድግዳ የበርኒኒ ነው፤ በ1644 አካባቢ ያለቀ። ጡብ ነው፣ ዝምተኛ ነው፣ ጌጥ የበዛበት አይደለም። በላዩ ላይ ሦስት ንቦች ያሉበት ጋሻ አለ፤ ንቦቹ የባርቤሪኒ ቤተሰብ ምልክት ናቸው፣ እዚህ የነበረውን የካህናት ኮሌጅ የመሠረቱትና በስማቸው «ኡርባኖ» ያስባሉት ጳጳስ ኡርባኖስ 8ኛም ከዚያ ቤተሰብ ነበሩ።

ታሪኩ በአጭሩ እንዲህ ነው። ጳጳስ ጎርጎርዮስ 15ኛ የስብከተ ወንጌልን ሥራ በዓለም ዙሪያ የሚመራ፣ ፕሮፓጋንዳ ፊዴ የሚባል ጉባኤ በጃንዋሪ 6 ቀን 1622 አቋቋሙ። በ1626 ሁዋን ባውቲስታ ቪቬስ የተባለ ስፔናዊ የቤተ ክህነት ሰው እዚህ ቦታ ላይ የነበረውን የፌራቲኒን ቤት ሰጠ። በማግሥቱ ዓመት ኡርባኖስ 8ኛ የካህናት ማሠልጠኛውን በዚሁ ቤት ከፈቱ። ቤቱ ለመኳንንት መኖሪያ የተሠራ እንጂ ለብዙ ተማሪ የታሰበ አልነበረም። ከዚያ በኋላ ለ40 ዓመት ያህል የተደረገው ግንባታ ሁሉ ይህን ጉድለት ለመሙላት ነው። ቦታው ደግሞ በቪያ ዲ ፕሮፓጋንዳና በቪያ ዱዌ ማቼሊ መካከል የተሰነቀረ ጠባብ ስንጣቂ ነው፤ ወደ ጎን መስፋት አይቻልም። ስለዚህ ሕንፃው የሰፋው በርዝመትና ወደ ላይ ነው።

አብዛኛው ጎብኚ የበርኒኒን ግድግዳ አይቶ ይመለሳል። ትልቁ ሥራ ያለው ግን በቀኝ በኩል፣ ቪያ ዲ ፕሮፓጋንዳ ውስጥ ነው። ፍራንቼስኮ ቦሮሚኒ በ1646 የኮሌጁ መሐንዲስ ሆኖ ተሾመ፤ ይህ የጎን ግድግዳ በ1660ዎቹ መጀመሪያ የተሠራ፣ የመጨረሻ ዘመኑ ሥራ ነው። መንገዱ በጣም ጠባብ ስለሆነ ግድግዳውን ፊት ለፊት ቆሞ በሙሉ ማየት አይቻልም። ቦሮሚኒም ይህን ያውቅ ነበር፤ ሁሉም ነገር የተሠራው ከሥር ወደ ላይ፣ በአግድሞሽ ለሚመለከት ዓይን ነው።

አመለካከቱ እንዲህ ቢሆን ይሻላል። በመጀመሪያ ከመንገዱ ደቡብ ጫፍ፣ ከሳንት አንድሬያ ዴሌ ፍራቴ ቤተ ክርስቲያን በኩል ቆሞ ግድግዳውን በርዝመቱ ማየት። ከግድግዳው የወጡት ግዙፍ ጠፍጣፋ ዓምዶች ፊቱን በሰባት ክፍል ይከፍሉታል። የመካከለኛው ክፍል ወደ ውስጥ ጎድጉዷል፤ የቀሩት ስድስቱ ቀጥ ያሉ ናቸው። ከዚያ ወደ መሃል ተጠግቶ፣ በተቃራኒው ግድግዳ ላይ ጀርባን አስደግፎ የዋናውን ፎቅ መስኮቶች አንድ በአንድ መመልከት። የመስኮቶቹ ማዕቀፎች በሙሉ ወደ ውስጥ የታጠፉ ናቸው፤ አንዱ ብቻ፣ የመሃከሉ፣ ወደ ውጭ ያብጣል። ግድግዳው ወደ ውስጥ በገባበት ቦታ ላይ መስኮቱ ይወጣል፣ ግድግዳው ቀጥ ባለበት ቦታ ላይ መስኮቱ ይገባል። ይህ ጨዋታ በፎቶ ላይ ጨርሶ አይያዝም፤ በአካል ቆሞ ሁለት ሦስት እርምጃ ወዲህና ወዲያ ማለት ያስፈልጋል።

ቀጥሎ የዓምዶቹን ራስ ማየት ነው። በዚያ ዘመን የዓምድ ራስ በቅጠልና በጥምዝ ያጌጥ ነበር። እዚህ ግን ጥቂት ቁልቁል የተሰመሩ ቦዮች ብቻ ናቸው። ከላይ የሚያርፈው ከባድ ጠርዝ በደንቡ ከሥሩ ሊኖረው የሚገባው ጌጠኛ መቀነት የለውም፤ ጥንድ ጥንድ ደጋፊዎች ከዓምዱ ራስ በቀጥታ ተነስተው ይሸከሙታል፣ የዓምዱ ይሁኑ የጠርዙ ለመለየት ያስቸግራል። ለጠባብ መንገድ ይህን የሚያህል ክብደት መምረጥ ድፍረት ነው። ሲያልፉበት ግድግዳው የሚጫን ይመስላል፤ የቦሮሚኒ ፍላጎትም ይህ ይመስለናል።

ስለ ብርሃን አንድ ነገር፦ የበርኒኒ ግድግዳ ወደ ሰሜን ስለሚያይ ቀኑን ሙሉ ማለት ይቻላል ጥላ ነው። የቦሮሚኒ ግድግዳ ወደ ምዕራብ ያያል፣ ጠዋት ድፍን ጨለማ ነው። ከቀትር በኋላ ፀሐይ ወደ መንገዱ ስትገባ የመስኮቶቹ ጉድጓድና እብጠት በጥላቸው ይለያል። ስልክ ወደ ላይ አቅንቶ ማንሳት ዓምዶቹን ወደ ኋላ ያጋድላቸዋል፤ ሰፊ ሌንስ ደግሞ መጉደጉዱን ያጠፋዋል። ከጥግ ቆሞ፣ ስልኩን ሳያዘነብሉ በአግድሞሽ ማንሳት የተሻለ ነው። ትንሽ የሩቅ ማያ መነጽር የያዘ ሰው ደግሞ የዓምድ ራሶቹን በደንብ ያያል።

ከሄዱ አይቀር ሳንት አንድሬያ ዴሌ ፍራቴ መግባት ጥሩ ነው። የውጩ ጉልላትና የደወሉ ግንብ የቦሮሚኒ ናቸው፤ ውስጥ ያሉት ሁለት የእብነ በረድ መላእክት ደግሞ የበርኒኒ። የበርኒኒ መኖሪያም እዚያው አጠገብ፣ ቪያ ዴላ ሜርቼዴ ላይ ነበር። ቦሮሚኒ ለጎረቤቱ የአህያ ጆሮ በድንጋይ ቀረጸለት የሚለውን ወሬ የሚደግፍ ማስረጃ የለም።

ሁለተኛ ቀን፦ ውስጡ

ቤተ መንግሥቱ ጣልያንና ቫቲካን በ1929 በተዋዋሉት የላተራን ውል መሠረት የቫቲካን ልዩ መብት ያለው ይዞታ ነው። ዛሬም የሥራ ቤት ነው፤ ዘበኛ አለ፣ እንደ ሙዚየም በፈለጉት ሰዓት አይገባም። የሚከፈትበት ጊዜ ስለሚቀያየር አስቀድሞ በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል፤ በቡድን መጠየቅ ይቀላል። ኦገስት ላይ መሄድ ግን ዋጋ የለውም፤ በወሩ አጋማሽ ሮም የቢሮ ከተማነቷን ታቆማለች። ትከሻና ጉልበት የሚሸፍን ልብስ፣ መታወቂያ፣ ከዚያም ፎቶ ስለማንሳት መጠየቅ የግድ ነው።

ሙሉ ሰዓት የሚገባው የሰብአ ሰገል ቤተ ክርስቲያን ነው። ጉባኤው የተመሠረተበት ጃንዋሪ 6 በምዕራቡ ሥርዓት የሰብአ ሰገል በዓል ነው፤ ከአሕዛብ ወገን መጀመሪያ ለጌታ የሰገዱት እነርሱ በመሆናቸው ለእንዲህ ያለ ኮሌጅ ከዚህ የሚስማማ መታሰቢያ አይገኝም። መጀመሪያ እዚህ የነበረችው በርኒኒ በ1634 የሠራት እንቁላል ቅርጽ ያላት ትንሽ ጸሎት ቤት ነበረች። ተማሪው ሲበዛ አልበቃችም። በአሌክሳንደር 7ኛ ዘመን ፈረሰችና ቦሮሚኒ አሁን ያለውን ሠራ። የጠቡ ወሬ ይህን መፍረስ እንደ በቀል ያቀርበዋል፤ የቦታው ጥያቄ ግን ግልጽ ነው፦ በአንድ ሰዓት ሁሉም የሚጸልይበት ቤት ክብ ሳይሆን ረዘም ያለ አዳራሽ ይፈልጋል።

ከመግቢያው ቆሞ ማዕዘኖቹን ማየት ይቀድማል። አራቱም ተጠማዝዘዋል፣ ስል ጥግ የለም። በግድግዳው ዙሪያ ያሉት ጠፍጣፋ ዓምዶች ከወለል ተነስተው ጣሪያ ላይ አይቆሙም፤ በጣሪያው ላይ ወደ ሰያፍ የሚሄዱ ጎድኖች ሆነው ይቀጥላሉ፣ ይሻገራሉ፣ ከወዲያኛው ዓምድ ጋር ይገናኛሉ። በመካከል መንፈስ ቅዱስ በርግብ አምሳል አለ። ለዓይን የተሸከመው የጎድኖቹ መረብ ነው፤ በመካከላቸው ያለው ግድግዳ ሙላት ብቻ ነው፣ ስለዚህ በመስኮት፣ በሐውልት ማኖሪያና በጎን ጸሎት ቤት ሊከፈት ቻለ። ጎድኖቹን ለመከተል የሚመቸው መንገድ አንድ ዓምድ መርጦ፣ ከእግሩ ጀምሮ በዓይን ወደ ላይ ወጥቶ፣ የት እንደሚወርድ እስኪያገኙ አለማቋረጥ ነው። ቦሮሚኒ ይህን ሐሳብ የጀመረው ከ20 ዓመት በላይ ቀደም ብሎ በቅዱስ ፊሊጶስ ኔሪ ማኅበር አባቶች አዳራሽ ውስጥ ነበር፤ ያ ቤት አራተኛው ቀን ላይ አለ።

በመንበሩ ላይ ያለው የሰብአ ሰገል ስግደት ሥዕል የጃቺንቶ ጂሚኛኒ ነው፣ 1634 የተሣለ። ዓመቱን ልብ ይሏል፦ ሥዕሉ ከቤተ ክርስቲያኑ ይቀድማል። ከፈረሰችው ጸሎት ቤት ተርፎ ወደ አዲሱ የገባ ነው።

ለእኛ ግን ከጸሎት ቤቱ ያላነሰ የሚያስፈልገው የማተሚያ ቤቱ ታሪክ ነው። ጉባኤው በ1626 የብዙ ቋንቋ ማተሚያ አቋቋመ፤ ወደየአገሩ የሚሄዱት ካህናት በየአገሩ ፊደል የታተመ መጽሐፍ ያስፈልጋቸው ነበር። በ1631 የግዕዝ ፊደል ማስተማሪያ፣ በ1638 ደግሞ ያዕቆብ ዌመርስ የተባለ የቀርሜሎስ መነኩሴ ያዘጋጀው የግዕዝ መዝገበ ቃላት ከዚህ ማተሚያ ወጣ። ለፊደላችን ይህ ሥራ ከላቲኑ ብዙ እጥፍ ይበልጣል። ላቲን ከሃያ ጥቂት ፊደል በትልቁና በትንሹ ይጨርሳል። የእኛው 26 ፊደል በሰባት ሆሄ ብቻ 182 ቅርጽ ይሆናል፤ እንደ ቈና ኰ ያሉት ዲቃላዎች ሲታከሉ ከ200 ያልፋል። እያንዳንዱ ቅርጽ መጀመሪያ በብረት ጫፍ ላይ ይቀረጻል፣ ያ ብረት በመዳብ ላይ ተመትቶ ጉድጓድ ያወጣል፣ በጉድጓዱ ውስጥ እርሳስ ይፈስሳል። ቅርጾቹ በቁመት ትንሽ ቢለያዩ መስመሩ ይዋዥቃል፤ የካዕብና የሣልስ ቅጥያ ቀጭን በመሆኑ በመጀመሪያ የሚሰበረውም እርሱ ነው። ኋላ በፊደል ቀረጻ ዓለም ያወቀው ጃምባቲስታ ቦዶኒ በወጣትነቱ፣ ከ1758 እስከ 1766፣ የሠራው እዚህ ነው፤ የምሥራቅ ፊደላቱን ሣጥን እንዲያጸዳና እንዲያስተካክል ተመድቦ ነበር።

በ1798 የፈረንሳይ ጦር ሮምን ሲይዝ ኮሌጁ ተዘጋ፣ ማተሚያውም ተዘረፈ። ትምህርቱ እንደገና የተከፈተው በ1817 ነው። በ1846 ከአንግሊካን ቤተ ክርስቲያን የመጣው እንግሊዛዊው ጆን ሄንሪ ኒውማን ለክህነት የተዘጋጀው በዚሁ ቤት ነበር፤ መታሰቢያ ጸሎት ቤት አለው። ለእኛ አገር ደግሞ አቡነ ያዕቆብ፣ ማለትም ጁስቲኖ ዴ ያቆቢስ፣ በ1839 ወደ አድዋ፣ አባ ማስያስ ደግሞ በ1846 ወደ ኦሮሞ አገር የተላኩት ከዚህ ቤት በወጣ ውሳኔ ነው።

ሦስተኛ ቀን፦ ቫቲካን

ከስፓኛ በዚያው ኤ መስመር ሦስተኛው ጣቢያ ኦታቪያኖ ነው። ረቡዕ ጠዋት ጳጳሱ ሕዝብ የሚቀበሉበት ስለሆነ ሌላ ቀን ይሻላል። የጴጥሮስ ባዚሊካ ሲከፈት መድረስ፣ ውስጥ ከመግባት በፊት ግን በረንዳው ላይ ቆሞ መካከለኛውን የነሐስ በር ማየት ይገባል። ፊላሬቴ የሚባለው ቀራጺ በ1445 የጨረሰው ነው፣ ከአሮጌው ባዚሊካ የተረፈ። ትልልቆቹን የጌታን፣ የእመቤታችንን፣ የጴጥሮስንና የጳውሎስን ምስሎች ትቶ በመካከላቸው ያሉትን ጠባብ አግድም ሰሌዳዎች መፈለግ ነው፤ የምዕራብንና የምሥራቅን አብያተ ክርስቲያናት አንድ ለማድረግ የተጠራው የፍሎረንስ ጉባኤ ታሪክ እዚያ አለ። ጥምጥም ያደረጉ የምሥራቅ ሰዎች በኤውጄንዮስ 4ኛ ፊት ተንበርክከው፣ ቀጥሎም በፈረስ ወደ ሮም ሲገቡ ይታያሉ። በ1441 ከግብፅ የመጡት መነኮሳትና ከኢየሩሳሌሙ ገዳማችን አባ ኒቆዲሞስ የላኳቸው ኢትዮጵያውያን ናቸው።

ከዚያ ጉባኤ ወዲህ ሐበሾች ወደ ሮም መመላለስ አበዙ። ከባዚሊካው ጀርባ ያለው የቅዱስ እስጢፋኖስ ቤተ ክርስቲያን፣ ጣልያኖች ሳንቶ ስቴፋኖ ዴሊ አቢሲኒ የሚሉት፣ በሲክስቶስ 4ኛ ዘመን በ1479 ለምሥራቅ መነኮሳት ተሰጠ፤ ብዙም ሳይቆይ የኢትዮጵያውያን ቤት ሆነ። እዚህ ይኖር የነበረው አባ ቶማስ ወልደ ሳሙኤል ለጀርመናዊው ዮሐንስ ፖትከን ግዕዝ አስተማረው፤ በ1513 የታተመው የግዕዝ መዝሙረ ዳዊት የዚያ ትምህርት ፍሬ ነው፣ በፊደላችን የታተመ የመጀመሪያው መጽሐፍ። በ1548 እና 1549 ደግሞ የደብረ ሊባኖሱ አባ ተስፋ ጽዮን ከባልንጀሮቹ ጋር አዲስ ኪዳንን አሳተመ። ለአንባቢ በተጻፈው ይቅርታ ላይ አታሚዎቹ ማንበብ እንደማይችሉ፣ እነርሱም ማተም እንደማያውቁ ይናገራሉ። ኢትዮጵያዊው አባ ጎርጎርዮስና ጀርመናዊው ሊቅ ሂዮብ ሉዶልፍ የተገናኙትም በ1649 በዚሁ ቤት ነው፤ ሉዶልፍ በ1698 ያሳተመው የአማርኛ ሰዋስው ከዚያ ወዳጅነት የተነሳ ነው።

ወደ ሥነ ሕንፃው ስንመለስ፣ በቫቲካን ክልል ከቆሙት አብያተ ክርስቲያናት ይህ እጅግ ጥንታዊው ነው። ከውጭ የሚታየው ፊት የ18ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ፣ የቀሌምንጦስ 11ኛ ዘመን እድሳት ነው። በሩ ግን የ12ኛው መቶ ዓመት ሥራ ነው፤ በግንባሩ ላይ መስቀልና የእግዚአብሔር በግ ተቀርጸዋል። ግድግዳዎቹ ላይ የኢትዮጵያውያን የመቃብር ጽሑፎች አሉ። በ1928 ሌላ ትልቅ እድሳት ተደርጎለታል።

ዘርዓ ክህነት የሆነው ዘግይቶ ነው። በ1919 ቤነዲክቶስ 15ኛ በዚሁ ግቢ የኢትዮጵያ ኮሌጅን አቋቋሙ። ቤቱ አልበቃምና ፒዮስ 11ኛ በቫቲካን አትክልት ዳገት ላይ አዲስ አሠሩ፤ ኮሌጁ በ1930 ወደዚያ ተዛወረ። ከሁለቱ መካከል የቆመው ትልቁ የአስተዳደር ሕንፃ፣ ገቨርናቶራቶ፣ በመሐንዲሱ ጁሴፔ ሞሞ እጅ ሲጀመር ለዘርዓ ክህነት ታስቦ ነበር፤ በ1929 ቫቲካን መንግሥት ስትሆን ግን ለቢሮ ዋለ።

እነዚህን ለማየት ሁለት መንገድ አለ። አንደኛው በቫቲካን ሙዚየም በኩል የሚያዝ የአትክልት ስፍራ ጉብኝት ነው፤ ቀደም ብሎ ካልተያዘ አይገኝም። የእስጢፋኖስ ውስጥ በጉብኝቱ መከፈቱ የተረጋገጠ ስላልሆነ ለብቻው መጠየቅ ያሻል። ሁለተኛው የባዚሊካው ጉልላት ነው፦ 551 ደረጃ፣ በአሳንሰር እስከ ጣሪያው ለሚወጣ 320። መጨረሻው በጣም ጠባብ ነው፣ ግድግዳውም ከጉልላቱ ጋር ስለሚያጋድል ለልብ ሕመምተኛና መጨናነቅ ለሚያስፈራው አይመከርም። ላይ ሲደርሱ አደባባዩን በጀርባ አድርጎ ወደ ምዕራብ መዞር ነው፤ እስጢፋኖስ ከሥር፣ ገቨርናቶራቶ ከዚያ ወዲያ፣ የኢትዮጵያ ኮሌጅ ከዛፎቹ መካከል ዳገቱ ላይ።

አራተኛ ቀን፦ የፊሊጶስ አዳራሽና ጃኒኮሎ

ጠዋት በኮርሶ ቪቶሪዮ ኢማኑኤሌ ላይ ካለው ኪየዛ ኑዎቫ አጠገብ የፊሊጶስ ኔሪ አዳራሽ ይታያል፤ ቦሮሚኒ ሥራውን የያዘው በ1637 ነው። ወደ ውስጥ የታጠፈው የጡብ ፊት የፕሮፓጋንዳውን ግድግዳ ላየ ሰው እንግዳ አይሆንበትም። ለውጡ ግን ግልጽ ነው፦ እዚህ መላው ፊት በዝግታ ይታጠፋል፣ እዚያ መታጠፉ በአንድ ክፍልና በመስኮቶች ላይ ተጠራቅሟል። ግማሽ ሰዓት ይበቃል።

ከዚያ ወንዙን ተሻግሮ ጃኒኮሎ ኮረብታ። ኡርባኖ ኮሌጅ በ1926 የተዛወረው እዚህ ነው። አዲሱ ሕንፃ ሰፊ፣ ጤናማ፣ ግቢው ለምለም ነው፤ ለተማሪ ኑሮ ከአሮጌው እንደሚሻል አያጠራጥርም፣ በሥነ ሕንፃ ግን ከውጭ የሚያቆም ነገር አነስተኛ ነው።

እዚህ የሚያስመጣው የፕሮፓጋንዳ ፊዴ ታሪካዊ መዝገብ ቤት ነው። ስለ ኢትዮጵያ ከ1622 ወዲህ የተጻፉ ደብዳቤዎችና ውሳኔዎች አሉበት። ለመግባት መታወቂያ፣ ከትምህርት ተቋም የድጋፍ ደብዳቤና የተወሰነ የጥናት ርእስ ያስፈልጋል፤ «ስለ ኢትዮጵያ ያለውን ሁሉ» ብሎ የሚጠይቅ ባዶ እጁን ይመለሳል። ሰነዶቹ በሁለት ዋና ረድፍ የተከፈሉ ናቸው፦ ለካርዲናሎቹ ጠቅላላ ስብሰባ የቀረቡትና በየሳምንቱ ሥራ የታዩት። የመጀመሪያዎቹ በአብዛኛው እንደ ስብሰባው ቀን፣ ሁለተኛዎቹ እንደየአገሩ ስለተጠረዙ ዓመቱን የሚያውቅ ከመጀመሪያው፣ ቦታውን ብቻ የሚያውቅ ከሁለተኛው ይጀምር። አብዛኛው በጣልያንኛና በላቲን ነው፤ በመካከሉ ግን በግዕዝና በአማርኛ የተጻፉ ደብዳቤዎች ከነማኅተማቸው ይገኛሉ።